የነቀልነው ብሳና ነበር

ባለፈው እትም «መጤውን ነቅለን አገር በቀሉን እንትከል» በሚል ርእስ የወጣውን ጽሑፍ ያላነበበ ያለ አይመስለኝም። መኝታ ክፍላችን ውስጥ ከአልጋ ወደ አልጋ ሲዞር ሰንብቶ እኔ ዘንድ ሲደርስ ጠርዙ ተቀዳዶ፣ አንድ ሁለት መስመሩም በላብ ጠፍቶ ነበር። የወንድማችን ብዕር ስል ነው፤ አልክድም። ቁጣውም የውሸት አይደለም። ግን ቁጣ ብቻውን አረም አይነቅልም፤ አንዳንዴ እንዲያውም ሰብሉን ነው የሚነቅለው።

ወንድማችን የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። የካፋ ጫካ በመጤ ዕፀዋት እየተወረረ ነው። ሕዝቡ ንቃት የለውም። ስለዚህ በሚመጣው ክረምት ተማሪው በሦስት አውቶቡስ ተጭኖ ቦንጋ ይውረድ፤ ባሕር ዛፉንና የወፍ ቆሎውን ነቅሎ፣ በሺህ የሚቆጠር አገር በቀል ችግኝ ተክሎ፣ ሕዝቡንም አንቅቶ ይመለስ። ከዚያም «ካፋን ከመጤ እናጽዳ» ብሎ በሦስት ቃለ አጋኖ ይደመድማል።

እኔ ሦስቱንም ቃለ አጋኖ እቃወማለሁ።

የምቃወመው ከቤተ መጻሕፍት ወንበር ላይ ተቀምጬ አይደለም። እኔ የቦንጋ ልጅ ነኝ። ዓምና ክረምት እንዲህ ባለው አውቶቡስ ከተሳፈሩት አንዱም ነበርኩ። ጎጀብን ተሻግረን ሽቅብ ስንወጣ ዘፈኑ ጦፏል፣ ጭብጨባው ቀልጧል። የተመደበልን ቦታ ጊምቦ ወረዳ ውስጥ ከጫካው ጠርዝ ላይ ነው፤ ድሮ ተመንጥሮ በቆሎ ተዘርቶበት ኋላ የተተወ መሬት። የወፍ ቆሎ ሞልቶታል፤ ያ አበባው ብጫና ሮዝ ሆኖ ዓይን የሚስበው፣ ግንዱ ግን ክንድ የሚቧጥጠው ቁጥቋጦ። ገጀራና ዶማ ታደለን። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ያገኘነውን ሁሉ ጠረግነው። ሜዳው የተላጨ ራስ መሰለ። ፎቶ ተነሣን።

ከሰዓት በኋላ ችግኝ የጫነው አይሱዙ መጣ። ማውረድ ስንጀምር ግማሹ ግራቪሊያ! የግራቪሊያ አገሩ አውስትራሊያ ነው። «ችግኝ ጣቢያው ያለው ይኸው ነው፤ ዝም ብላችሁ ትከሉ» ተባልን። መጤውን ነቅለን መጤ ተከልን። ማንም አልሳቀም፤ ደክሞን ነበር።

ከዳር ቆመው ሲያዩን የዋሉ አንድ አዛውንት ነበሩ። ቀረብ አላሉም። ከሌላ አገር የመጡት ጓደኞቼ ለምን እንዳልቀረቡ አያውቁም፤ እኔ ግን አውቃለሁ። ሰውየው ማንጆ ናቸው። በኋላ ሥራው ጋብ ሲል እኔ ሄድኩና «አባቴ፣ እንዴት ዋሉ?» አልኳቸው። መልሱን ትተው ወደ ክምሩ ሄዱ። ጎንበስ ብለው ከተጠረገው ውስጥ አንድ አንድ ቀንበጥ እየመዘዙ በካፊ ኖኖ ስሙን ጠሩልኝ፤ እኔም ለጓደኞቼ በአማርኛ መለስኩላቸው። ይህ ብሳና ነው። ይህ ብርብራ። ይህ ዋንዛ። ያቺ ደግሞ ሰሳ ናት። እሾሁ ከከብት አፍ ጠብቋቸው፣ ከቁጥቋጦው መሐል ሽቅብ ብርሃን ፈልገው፣ አንዳንዱ የሰው ወገብ ደርሶ ነበር። «ጥቂት ክረምት ብትታገሡ እነዚህ ራሳቸው ይገድሉት ነበር» አሉ። «እሱ ጥላ አይወድማ!»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይህ ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለእኔ ደግ ነበር። ማታ ሻይ ሲቀዳ ኩባያ የማዞረው እኔ ነበርኩ። እሳቸው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ሌላ ሰበብ የለኝም፤ ያደግሁበት ልማድ ነው። ማንጆ አፉን ያሳረፈበት ዕቃ ተመልሶ አይጠጣበትም እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ተማርኩ፣ አነበብኩ፣ ስለ ጭቁኑ ሕዝብ ስንት ክርክር ተከራከርኩ፤ እጄ ግን ቆመ። አዛውንቱ አልተገረሙም። ዳቦውን በኮባ ቅጠል ተቀብለው ወደ ጫካው ገቡ። ከበላያችን በሁለት እንጨት ተወጥሮ የዋለው ጨርቅ ላይ «ከኅብረተሰቡ ጋር» የሚል ቃል ነበረበት፤ ፊደሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፣ የምጽፍልህ ንጹሕ ሆኜ አይደለም።

በመጀመሪያ ቃሉን እንመርምረው። «መጤ»። በቆሎ መጤ ነው፤ የመጣው ከአሜሪካ ነው። ድንችም፣ ትምባሆም፣ በርበሬም እንዲሁ። መጤ ሁሉ ይነቀል ካልን ወንድማችን ጽሑፉን ሲጽፍ ከበላው ሽሮ ውስጥ በርበሬውን አውጥቶ ይጣልልን። ባሕር ዛፍስ? በምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ግድም ነው የገባው። ያ ዛፍ ባይመጣ ኖሮ የማገዶ እጥረት አዲስ አበባን እንደ ቀደሙት መናገሻዎች ሁሉ ነቅሎ ሌላ ቦታ ያስፍራት ነበር። ባሕር ዛፍ ውኃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሌላ አያበቅልም የሚለው ክስ ብዙ እውነት አለው፤ ግን ባሕር ዛፍ ሰው ካልተከለው በስተቀር እየዘለለ ጫካ የሚወርር ፍጥረት አይደለም። ካፋ ውስጥ ባሕር ዛፍ በቆመበት ቦታ ሁሉ የተከለው እጅ አለ። ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ የውሽውሽን ሻይ ልማት ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ቅጠሉን ለማድረቅ እሳት ያስፈልጋል፣ እሳቱም ባሕር ዛፍ ነው። እጁን ሳትጠይቅ ዛፉን ብትከስ ምን ይረባል?

ወራሪ የሚባለው ሌላ ነው። ከየት መጣ ተብሎ ብቻ ሳይሆን ምን ይሠራል ተብሎ ነው የሚጠየቀው። ማንም ሳይተክለው ራሱ ይስፋፋል፤ በደረሰበት የነበረውን ያጠፋል፤ ከብቱንና ሰውን ይጎዳል። የወፍ ቆሎ እንዲህ ነው፤ ለአጥርና ለጌጥ ተብሎ ከሞቃታማው አሜሪካ በዓለም ዞረ፣ አሁን ፍሬውን ወፍ እየበላ ይዘራዋል። ቅንጨ አረም እንዲህ ነው። እምቦጭ እንዲህ ነው። ከመጡት ዕፀዋት ውስጥ ወራሪ የሚሆኑት ጥቂቶቹ ናቸው። ይህን ልዩነት ሳንይዝ ዶማ ማንሣት ዓይንን ሸፍኖ እንደማረም ነው፤ እኛ አድርገነዋል።

በቃሉ ላይ የምጨቃጨቀው ለሰዋስው ብዬ አይደለም። «መጤ» የሚለው ቃል በአገራችን ለዕፅ ብቻ አይነገርም። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ከሰሜን በመኪና ተጭነው ወደ ከፋ የመጡ ሰዎች ልጆች ዛሬም በዚያው አሉ፤ ከዚያም ወዲህ መሬት ያጠራቸው ከሌላ ቦታ መጥተው ሰፍረዋል። እነሱንም «መጤ» የሚላቸው አፍ አለ። «እናጽዳ» የሚለው ቃልስ? እኔ ያንን ዓረፍተ ነገር በቡና ቤት ስለ ሰው ሲነገር በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ ቃሉ አንድም ሳይቀየር። ወንድማችን ይህን አላሰበም፤ ልቡን አውቀዋለሁ። ግን እዚህ ቅጠል ላይ የምንጽፈው ቃል ከእጃችን ከወጣ በኋላ የኛ አይደለም። ስለ አረም ስንጽፍ «ወራሪ አረም» እንበል፤ «መጤ» የሚለውን እንተወው።

አሁን ወደ ዘመቻው ልምጣ። ዘመቻ ምን እንደሚወልድ ለማየት አፋርን ማየት ይበቃል። ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃም ዛፍ በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ወደ መካከለኛው አዋሽ የገባው በክፋት አይደለም። ነፋስ ይገታል፣ አፈር ይይዛል፣ ጥላ ይሆናል ተብሎ፣ ትልልቅ የጥጥ እርሻዎች በተዘረጉበት አካባቢ፣ ለሠራተኛው እህል እየተሰፈረ ተተከለ። ያም ዘመቻ ነበር፤ ያም ችግኝ ተቆጥሮለታል። የአፋር ከብት አርቢ ግን አልተጠየቀም፤ የተጠየቀው ጉልበቱ ብቻ ነው። ፍየሉና ግመሉ ጣፋጭ ፍሬውን በሉ፤ ዘሩን በደረሱበት ሁሉ በፋንድያቸው ዘሩት። ዛሬ ዛፉ የያዘው መሬት ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ነው፤ ያውም ድርቅ ሲመጣ ከብት የሚሸሽበት የወንዝ ዳር ግጦሽ። አፋሮች «ደርጊ ሃራ» አሉት፤ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። ሕዝብ ስም ሲያወጣ አይሳሳትም፤ ዛፉን ከመጣበት አገር ሳይሆን ካመጣው መሥሪያ ቤት ጋር ነው ያያያዘው።

ከዚያ ማጥፋቱም በዘመቻ ሆነ። ሲቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ያውም በብዙ እጅ። ከሰል እያደረጋችሁ ጨርሱት ተብሎ ማኅበራት ተደራጁ፤ ነገሩ ብልሃት ነበረው። ገበያው ሲሞቅ ግን ነጋዴው በመሐል ገባ፤ የከሰል ጆንያ ደግሞ ውስጡ ያለው ፕሮሶፒስ ይሁን ግራር ማን ይለየዋል? አገር በቀሉም ዛፍ አብሮ ነደደ። ተስፋ የታየው ሌላ ቦታ ነው። የተጠረገው መሬት ወዲያው ታርሶ ወይም ሣር ለብሶ ባለቤቱ በየቀኑ በዋለበት ቦታ ዛፉ አልተመለሰም። ጠርገው ፎቶ ተነሥተው በሄዱበት ግን ተመልሷል። የዚህን ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ የሚረሳ ይኖራል፤ ይህችን ግን ይያዝልኝ።

ጣናም ያው ነው። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ግድም በሐይቁ ላይ በይፋ ታየ፤ ገበሬው ደረቱ ድረስ ውኃ ገብቶ በእጁ ነቀለ፤ ማሽን ተገዛ፤ በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ደግሞ አንድ ወር የፈጀ ታላቅ ዘመቻ ተደረገ። የሰዉን ድካም የሚያቃልል ምላሱ ይቆረጥ! ግን ዘሩ ጭቃ ውስጥ እስከ ሃያ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ የሚቀልበው አፈርና ማዳበሪያ ደግሞ ከደጋው በየክረምቱ እየታጠበ ይወርዳል። ሐይቁ ላይ ብትነቅል ተራራው ላይ ይዘራልሃል። ቅንጨ አረምንም ባጭሩ ላንሣው፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በድሬዳዋና በሐረርጌ ታየ፤ አንዱ ተክል በሺህ የሚቆጠር ዘር ይረጫል፤ የበላችው ላም ወተቷ ይመራል፤ የሚያርመው ሰው ቆዳው ይቆጣል። በኦሮምኛ «ፈረምሲሳ» ይሉታል፤ የሚያስፈርም ማለት ነው፤ ባለመሬቱን አስፈርሞ እንደሚያስለቅቅ ሰው። ይህ አረም እንግዲህ የመኪና ጎማና የአሸዋ ጭነት ተከትሎ አስፋልት ለአስፋልት ነው የሚሄደው። በጅማ መንገድ ዳር ደርሷል። ከጅማ ቦንጋ ደግሞ የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

ታዲያ ካፋ ምን ቢደረግ ይሻላል?

መጀመሪያ ጫካው ምን እንደሆነ እንወቅ። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የካፋን ሥነ ሕይወታዊ ክልል ሲመዘግብ 760,000 ሄክታር ያህል ነው የመዘገበው፤ ከዚያ ውስጥ ሰው የሌለበት ንጹሕ ጫካ ጥቂት ነው፤ የቀረው ሰው ቡና የሚለቅምበት፣ ቀፎ የሚሰቅልበት፣ ኮረሪማና ጥምዝ የሚያወጣበት፣ የሚያርስበትና የሚቀበርበት ነው። ዓለም የሚጠጣው ቡና ዘመዶች አሁንም ዱር ሆነው የሚበቅሉት በዚህና በአጎራባቹ ጫካ ነው። በ1963 ዓ.ም. የቡናን ፍሬ የሚያጠቁረው በሽታ አገራችን ሲገባ መድኃኒቱ የተገኘው ከደቡብ ምዕራብ ጫካዎች በተለቀሙ፣ በሽታውን በሚቋቋሙ የቡና ዘሮች ነው። ስለዚህ ጫካው ሲቀንስ የሚጠፋው ጥላና ዝንጀሮ ብቻ አይደለም።

ይህ ጫካ ወራሪ አረምን በዶማ አይደለም የሚከላከለው። የሚከላከለው በጨለማ ነው። ቀረሮው፣ ሰሳው፣ ጥቁር እንጨቱ ከላይ ሲገጥሙ ከሥራቸው የወፍ ቆሎ አይዳብርም። አረሙ የሚገባው ምሳር በከፈተው በር ነው፤ በመንገድ ጠርዝ፣ በምንጣሮ፣ በተተወ ማሳ። ስለዚህ አረሙ በሽታው ሳይሆን ትኩሳቱ ነው። ትኩሳት እየለካ በሽታውን የማይጠይቅ ሐኪም ብናይ ምን እንለዋለን?

ጫካ ራሱ መመለስ እንደሚችል ደግሞ የካፋ ምድር በክፉ ቀን አይታዋለች። በ1890 ዓ.ም. የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሼሮቾ ሲማረኩና አገሩ በጦር ሲወድቅ ያለቀው ሕዝብና የተጋዘው ሰው ብዙ ነው፤ የታረሰው መሬት ጦሙን አደረ፣ ጫካም ወረሰው። ዛሬ «ድንግል» ብለን የምናደንቀው ጫካ ሁሉ ድንግል አይደለም። ይህን የማነሣው እልቂት ለጫካ ይበጃል ልል አይደለም፤ እግዜር ያርቅ! ያኔ ችግኝ የተከለ ማንም አልነበረም ለማለት ነው። እናት ዛፍ በአቅራቢያ ካለ፣ ፍሬ የሚውጥ ወፍና ጦጣ ካለ፣ ብሳናውና ብርብራው ቀድመው ይመጣሉ፤ ጥላ ያጠላሉ፤ በጥላው ሥር የጫካው አለቆች ቀስ ብለው ይነሣሉ።

አንዳንዱን ደግሞ በዘመቻ ልትከለው ብትል አይሆንልህም። የቀረሮ ዘር ከደረቀ ሞተ፤ እንደ ስንዴ በጆንያ ተጠብቆ ለክረምት አይቆይም፤ ወድቆ በእርጥቡ የሚያነሣው በአቅራቢያው ያደረ ሰው ነው። ገተምን ተመልከቱ፤ በእኛ አገር «ቡቶ» የምንለውን፤ ያ ነጭ የካፋ ማር የሚገኘው ከአበባው ነው። ይህ ዛፍ ብዙ ጊዜ ሕይወቱን የሚጀምረው መሬት ላይ አይደለም። ዘሩ ሌላ ያረጀ ዛፍ ትከሻ ላይ ይበቅልና ሥሩን ወደ ታች እየላከ መሬት ይደርሳል። ንብ አርቢው ይህን ስለሚያውቅ ቅርንጫፉን ቆርጦ ይተክለዋል፤ የትኛውን ቅርንጫፍ፣ በየትኛው ወር፣ በምን ያህል ርዝመት የሚለውን የሚያውቀው እሱ ነው። ገተም በፕላስቲክ ከረጢት ሆኖ በአይሱዙ አይመጣም። በዘመቻው ዝርዝር ውስጥም ስሙን አላየሁትም።

እዚህ ላይ ነው የወንድማችን ሁለተኛ ስሕተት። «ሕዝቡ ንቃት የለውም» ይላል። እስቲ ልጠይቅ፤ ገበሬው በማሳው ዳር ዋንዛ በራሱ ጊዜ ሲበቅልለት ለምን ይነቅለዋል? ባሕር ዛፍ ግን ለምን በገንዘቡ ገዝቶ ይተክላል? አላዋቂ ስለሆነ? እኔ ያደግሁበት ቤት ይህን ያደርግ ነበር፤ ምክንያቱንም አውቃለሁ። ባሕር ዛፍ የሱ ነው። በአራት በአምስት ዓመት ደርሶ ለልጁ ደብተር፣ ለቤቱ ማገር ይሆናል፤ ማንም «በማን ፈቃድ ቆረጥህ?» አይለውም። ዋንዛ ግን የመንግሥት ዛፍ ነው። በአዋጅ ቁጥር 94/1986 ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ተከለከሉ። የተከለከለው ከደን ነበር፤ ገበሬው ጆሮ ሲደርስ ግን «ዋንዛ የቆረጠ ይታሠራል» ሆኖ ደረሰ፤ ጥበቃውም እንደዚያው ያዘው። እንግዲህ ነገ የሚያስከስስህን ዛፍ ዛሬ በማሳህ ታሳድጋለህ? ለዛፉ ፍቅር ብለን ያወጣነው ሕግ ዛፉን በለጋነቱ ያስነቅለዋል። ይህ የንቃት ጉድለት አይደለም፤ ሒሳብ ነው።

ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. አደባባይ ሲወጡ የያዙት መፈክር «መሬት ለአራሹ» ነበር፤ «አራሹን እናንቃ» አላሉም። በ1967 ዓ.ም. የካቲት መሬቱ ከባላባት እጅ ወጣ። ጫካው ግን ወደ ማን ሄደ? ወደ መንግሥት። ቀፎ የሰቀለበት፣ ቡና የለቀመበት ሰው ባንድ ቀን በራሱ ጓሮ ሌባ ሆነ። የማንም ያልሆነ ነገር የሁሉም መዝረፊያ ነው። እኛ የዚያ ንቅናቄ ልጅ ነን እያልን «ደን ለማን?» የሚለውን ጥያቄ ለችግኝ ቁጥር ከለወጥነው እንግዲህ ምን ይባላል?

ቦንጋ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሞክራለች፤ ወንድማችን ግን በጽሑፉ ውስጥ አንዲት መስመር አልሰጣትም። ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ ፋርም አፍሪካና ኤስ ኦ ኤስ ሳህል የተባሉ ድርጅቶች አሳታፊ የደን አስተዳደር የሚባለውን ሥራ በአካባቢው ጀመሩ። ሐሳቡ ቀላል ነው። የጫካው ድንበር በእግር ይዞራል፤ ማን እንደሚጠቀምበት ይለያል፤ ተጠቃሚው ከመንግሥት ጋር ስምምነት ይፈርማል፤ ሟች ዛፍ፣ ማር፣ ቡና፣ ኮረሪማ የሱ ነው፤ በምላሹ ምሳር ይዞ የመጣውን የሚመልሰው እሱ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ቡድኖች አንዱ አጋማ ሲሆን በዚያ ማንጆዎች አባል ሆነው በስማቸው ፈረሙ። ማገዶና ከሰል እየሸጠ በመኖሩ «ጫካ አጥፊ» ይባል የነበረው ሕዝብ የጫካ ጠባቂ ሆነ። እኔ ኩባያ የነፈግኳቸው ሰው ብሳናን ከዳዴው የሚለዩት በዋዛ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1065/2010 ደግሞ የማኅበረሰብ ደን በሕግ ስም አገኘ።

ነገሩን ገነት አድርጌ እንዳላቀርበው ልጠንቀቅ። በእነዚህ ማኅበራት ውስጥ ሊቀመንበሩ ያው የድሮው ጉልበተኛ የሆነበት፣ ማንጆው በመዝገብ አባል ሆኖ በስብሰባ ከበር ውጭ የቆመበት ቦታ አለ። የቡና ዋጋ ሲጨምር ደግሞ ባለቡናው ራሱ ጫካውን ከሥር እየመነጠረ ከቡናና ከጥላ ዛፍ በስተቀር ሌላውን ያሳሳዋል፤ ከሩቅ ሲያዩት ጫካ ይመስላል፣ ውስጡ ግን የሚተካ ለጋ ዛፍ የለም። ይህንን የሚያደርገው ባለሀብት ብቻ አይደለም፤ የእኔም አጎት ነው። «ሕዝቡ ሁሌም ልክ ነው» የሚል መፈክር ልጽፍ አልተነሣሁም፤ መፈክር መጻፍ ምን እንዳደረገኝ ነግሬያችኋለሁ። የምለው አጎቴን ሊከራከረው፣ ሊያስቆመው፣ ሊቀጣው የሚችለው በዚያው ድንበር የፈረመ ጎረቤቱ ነው። በክረምት መጥቶ በመስከረም የሚሄድ ተማሪ አይችልም።

«ታዲያ ተማሪው እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ?» የሚል እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ወንድማችንም ቀድሞ ይነሣል። አይቀመጥ። የሚሠራው ሞልቷል፤ ግን የሚያስጨበጭብ አይደለም። ቅንጨ አረም ከጅማ መንገድ ወደ ቦንጋ ሲገባ መጀመሪያ የሚታየው በመናኸሪያ፣ በአሸዋ ማራገፊያ፣ በገበያ ዳር ነው፤ ሥር ሳይሰድ አምስት ተክል ያየ ሰው በጓንት ነቅሎ ቢያቃጥለው ሃያ ዓመት ያተርፋል። ይህን ሕፃን ልጅ ሊማረው ይችላል፤ ካስተማሩት። የወፍ ቆሎውን በአንድ ቀን ከመጥረግ ከሥሩ ያለውን ብሳናና ዋንዛ እየለዩ ዙሪያውን ብቻ መቁረጥ፣ ከዚያም ከብት እንዳይገባ መከለል ይቻላል፤ ሥራው ግን ከአንድ ቀን ወደ ብዙ ክረምት ይረዝማል፤ የሚመራውም ያንን ቀንበጥ የሚለይ ሰው ነው፤ ለዚህም አበል ይከፈለው። ሕግ የምትማሩ ደግሞ አላችሁ። 1065/2010ን በአማርኛም በካፊ ኖኖም ለገበሬው አስረዱልን፤ በማሳው ያሳደገው ዋንዛ የማን እንደሆነ ቁርጡን ይወቅ። ከሺህ ችግኝ አንድ እንዲህ ያለ ወረቀት ብዙ ዋንዛ ያሳድጋል።

ከ2011 ዓ.ም. ሐምሌ 22 ወዲህ በአገሩ ሁሉ ችግኝ መቁጠር ባህል ሆኗል፤ በዚያች አንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ተተከለ ተብሎ ተነግሯል። መትከልን አልነቅፍም። በቀድሞዎቹ ተማሪዎች ቋንቋ ልናገርና፣ ቁጥር ግን የንዑስ ከበርቴ ሱስ ነው፤ የተተከለውን ቆጥሮ የጸደቀውን አይጠይቅም።

በዚህ የትንሣኤ ዕረፍት ወደ ቤት ስሄድ ዓምና የተከልንበት ቦታ ደርሼ ነበር። ግራቪሊያው ከብት ረግጦት ጥቂቱ ቆሟል። የወፍ ቆሎው ከጉቶው ተመልሶ ወገቤን አልፏል። ብሳናው አልተመለሰም። አዛውንቱን ጠይቄ ቤታቸው ሄድኩ፤ በቅል ጠላ ሰጡኝ፤ ከሳቸው በኋላ ጠጣሁ። ብዙ አላወራንም። ሲሸኙኝ «አውቶቡሱ ዘንድሮም ይመጣል?» አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስ?

ወንድማችን መልስ ካለው አዘጋጆቹ ገጽ ይስጡት። ስለሚተከለው ችግኝ ብዛት ግን አይጻፍልኝ። ዓምና ከተከልነው ስንቱ እንደቆመ፣ ከነቀልነው ውስጥ ስንቱ ብሳና እንደነበር፣ ይህንንም ማንን ጠይቆ እንዳወቀ ይጻፍልኝ።